የደብሪቱ ቅምሻ

ዳንግላ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ደብሪቱን ሲጠራ ዋንጫ ላዘጋጅላት ብሎ አይጨነቅም ነበር። የራሷን ይዛ ነው የምትመጣው። የቀንድ ዋንጫዋን ከነክዳኑ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣና ዳሱ ውስጥ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አሳላፊው ጠላ ይዞ ሲደርስ ደግሞ ዋንጫዋን ከመዘርጋቷ በፊት ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ወግ የሚያውቅ አሳላፊ ከሆነ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስላታል፣ እሷም መርቃ ትጠጣለች። ወግ የማያውቅ ከሆነ ግን ጉድ ፈላ! "ልጄ፣ አንተ ያልደፈርከውን እኔ ልድፈረው?" ትለዋለች፣ ዳስ ሙሉ ሰው እየሰማ። አንድ ጊዜማ የሙሽራውን አባት ራሱን አስቀምሳዋለች። ሰውየው ለመገላገል ብሎ "ጾመኛ ነኝ" ቢላት፣ "በፋሲካ ማግስት?" ብላ አፉን አስያዘችው።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለው ነገር ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለደብሪቱ ግን ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ የምትደግመው ጸሎት ነበር። ማንም መርዞ አያውቃትም። የተመረዘ ዘመድም የላትም። እንዲያው ተፈጥሮዋ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ምሳውን አቅርባለት እሷ ካልቀመሰች እንዲበላ አትፈቅድለትም ነበር፤ "ኧረ አንቺ ሴት፣ ራስሽ የሠራሽውን ራስሽ ትጠረጥሪያለሽ?" ሲላት "ወግ ነው፣ ወግ አያረጅም" ትለው ነበር። እሱ አርጅቶ ሞተ፣ ወጉ ግን አላረጀም።

ባሏ ከሞተ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢዋ ጠላ እየጠመቀች፣ ሁለቱን ክፍል ደግሞ ለተማሪ እያከራየች ትኖር ነበር። ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው። በኮሶበርና በአካባቢው ከፍ ያለ ክፍል ስላልነበረ የገጠሩ ልጅ ስንቁን አህያ ላይ ጭኖ ዳንግላ ድረስ ይመጣል፤ እናት አባቱን ትቶ የሚያድረው እንግዲህ እንደ ደብሪቱ ባለች ሴት ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪው ይሰበሰብባታል። ጠላዋ ቀጠን ያለ ነው። "ተማሪ ወፍራም ጠላ ከጠጣ ፊደሉ ይሟሟበታል" ትላለች። እየዞረች ስትቀዳ ለእያንዳንዱ ጣሳ ከማንቆርቆሪያው በመዳፏ ጠብ ታደርግና ፉት ትላለች። ሃያ ተማሪ ካለ ሃያ ጊዜ ነው። ከተከራዮቿ አንዱ አበረ የሚባል ቀልደኛ ልጅ፣ እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ተነስቶ አካሄዷን እያስመሰለ፣ ባዶ መዳፉን እየላሰ፣ መጨረሻ ላይ ተንገዳግዶ ይወድቃል። "እትዬ ደብሪቱ፣ እኛ ሳንጠጣ እርስዎ በቅምሻ ሰከሩ!" ይላታል። እሷም በማማሰያ ታባርረዋለች። ትወደው ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ከማን ድስት እንደሚበላ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

እዚያ ቤት አንዲት ሴት ልጅም ነበረች። ወርቅአየሁ ትባላለች፣ የደብሪቱ የአክስት ልጅ የአያ ሽባባው ልጅ ናት። አባቷ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የሚያርስ፣ ፈረስ የሚወድ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። ስምንተኛ ክፍል ከነበሩት ተማሪዎች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። አያ ሽባባው ልጁን አምጥቶ ሲያስረክብ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ "ደብሪቱ፣ ይህቺ አደራሽ ናት። መማሩን ትማር። ነገር ግን 'ወርቅአየሁ እንዲህ ሆነች' የሚል አንድ ወሬ ከገበያተኛ አፍ ከሰማሁ፣ ፈረሴን ጭኜ መጥቼ እወስዳታለሁ። የጎረቤቴ የደሴ ልጅ እንደሆነ ላግባት እያለ ከአምና ጀምሮ እየጠየቀኝ ነው" አላት። ደብሪቱም "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብላ ተቀበለች። ልጅቱ ግን የደሴን ልጅ ስም በሰማች ቁጥር ደብተሯን አንስታ ታጠና ነበር። የደሴ ልጅ ሳያውቀው ጥሩ አስተማሪ ሆኗታል።

የሚኒስትሪው ፈተና ያለቀ ቀን ተማሪው በደብሪቱ ግቢ ድግስ ደገሰ። ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ነው፤ ዋንዛው ሥር ጉዝጓዝ ተጎዘጎዘ፣ ጣሳ ተደረደረ፣ ክራር የሚመታም ተገኘ። ባለ ሱቁ ሙደሲርም ጎረቤት ነውና አጥሩን አልፎ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሱ ጠላ አይጠጣም፤ "የእኔ ድርሻ ሳቁ ነው" ይል ነበር። ለወርቅአየሁ ደብሪቱ ያልፈላ ብርዝ በጥብጣላት ነበር። ደስ ብሏት ስለነበር ያቺን ያን ያህል የምትሳሳላትን የቀንድ ዋንጫዋን አወጣችና "ዛሬ በኔ ዋንጫ ጠጪ" አለቻት። ክዳኑን ግን ከግድግዳው ሚስማር ላይ አላወረደችም። ክዳን ለሰው ቤት ነዋ! በገዛ ግቢዋ ክዳን ምን ሊሠራላት?

ብርዙን በመዳፏ ጠብ አድርጋ በሁሉም ፊት ቀመሰች። አበረ "እልል በሉ፣ ማርም ተጠረጠረ!" አለ፤ ተሳቀ። ወርቅአየሁ ሁለት ጊዜ ጎንጨት እንዳለች ደብሪቱ ከጓዳ "ወርቄ፣ ነይ ዳቦውን አውጪልኝ!" ብላ ጠራቻት። ልጅቱ ዋንጫውን ጉዝጓዙ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ዳቦውን አምጥታ ቆርሳ አደለች፣ ተመልሳ ቁጭ አለች፣ ዋንጫውን አንስታ ግማሽ አደረሰችው።

ትንሽ ቆይቶ ፊቷ ቀላ። አፌ ደረቀ አለች። ከዚያ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ተማሪው መጀመሪያ ከሷ ጋር ሳቀ፤ "ፈተናው ነው፣ ይውጣላት!" አሉ። ቀጥላ ከአየር ላይ የማይታይ ክር እየለቀመች ስለ ሞተችው አያቷ ፍየል በአማርኛና በአገውኛ እያቀላቀለች ስታወራ፣ ብድግ ብላም አጥሩን በር መስሏት ልትወጣበት ስትታገል ሳቁ እየሞተ ሄደ። አንዱ "ሰከረች እኮ!" አለ። ያን ሰዓት ደግሞ ገበያተኛው ወደየአገሩ የሚመለስበት ነው። አጥሩ ላይ አንገት በዛ። የአዲስ ቅዳሙ ከሰል ነጋዴ ሳይቀር አህያውን አቁሞ አየ። ወሬ ደግሞ ክንፍ አለው፤ የሽባባው ልጅ በጠራራ ፀሐይ ሰክራ ከአጥር ጋር ስትጣላ ዋለች ተብሎ የልጅቱ ትኩሳት ሳይበርድ ዘንገና ደረሰ።

ደብሪቱ ልጅቱን አቅፋ አስገባቻት። ጠበል ረጨቻት፣ ወተት አጠጣቻት፣ ስትፈራገጥ ይዛት አደረች። ያን ያህል የፈራችበት ቀን በዕድሜዋ አልነበረም። ሲነጋጋ ልጅቱ ነፍሷን አወቀች። ያለፈውን ግን አንድም አታስታውስም።

አሁን እንግዲህ የደብሪቱን ነገር ስሙ። ያን ሁሉ ሰው ስትጠረጥር የኖረች ሴት፣ በዚያ ጠዋት የጠረጠረችው ማንን ነው? ልጅቱን! ብርዙን እሷ ቀምሳዋለች፤ እሷ የቀመሰችው ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ልጅቱ ሌላ ነገር ጠጥታለች ማለት ነው። "ልጄ፣ አልቆጣሽም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ካቲካላውን ማን ሰጠሽ?" አለቻት።

ወርቅአየሁ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "እትዬ፣ እርስዎ ቀምሰው ከሰጡኝ ሌላ በአፌ የዞረ የለም። እርስዎ ስለቀመሱት እኮ ነው ሳላየው የጠጣሁት" አለች።

ደብሪቱ ብድግ አለች። ወጥታ ዋንጫዋን ፈለገች። ጉዝጓዙ ላይ ግማሹ ብርዝ እንዳለ ቆሞ አገኘችው። ጎንበስ ብላ አዘነበለችው፤ ከሥሩ ደቃቅ አተላ ተኝቷል። ጠላ አተላ አለው፤ ብርዝ ምን አተላ አለው? ክዳኑን ከሚስማሩ አውርዳ ከደነችበትና ቆጡ ላይ አስቀመጠችው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች ለራሷ፣ በንዴት።

ለማንም ግን አልተናገረችም። ሁለት ቀን ሙሉ አፏን ይዛ ዞረች። ብትናገር ምን ልትል ነው? "በደብሪቱ ቤት፣ በደብሪቱ ዋንጫ፣ ደብሪቱ ከቀመሰች በኋላ ሰው ተመረዘ" ሊባል? አገር ሁሉ የሚያውቃት በቅምሻዋ ነው፤ ሲስቁባት እንኳ የሚያከብሯት በዚያው ነው። ልጅቱም አትታማ፣ ስሟም አይጥፋ፣ ነገሩ እንዲሁ ይብረድ ብላ ተመኘች። እስኪ ምኞቷን እዩት!

በሦስተኛው ቀን አያ ሽባባው ፈረሱን ጭኖ ደረሰ። ከፈረስ ሲወርድ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ገብረ ማርያም መጡ፣ ሙደሲር መጣ፣ ድግሱ ላይ የነበሩት ተማሪዎችም ተጠሩ። አበረም መጣ። ያን ቀን ቀልድ የሚባል አልነበረውም፤ ከሁሉም ኋላ ቆመ። ወርቅአየሁ ጓዟን በነጠላ ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

"እኔ ክርክር አልወድም" አለ አያ ሽባባው። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልጄን ያሰከራት መጠጥ ከዚህ ቤት ነው ወይስ ከሌላ?"

ሙደሲር ጉሮሮውን ጠረገ። ቅን ሰው ነው፤ ቅንነቱ ነው ጉዱን ያመጣው። "አያ ሽባባው፣ እኔ ጠላ ስለማልጠጣ ዓይኔ አይሰክርም። ልጅቱ የጠጣችው ብርዝ ነው። ብርዙን ደግሞ ደብሪቱ በሁላችን ፊት ቀምሳዋለች። በእሷ አይፈረድም" አለ።

አባ ገብረ ማርያምም "እውነት ነው፣ ደብሪቱ የቀመሰችው ንጹሕ ለመሆኑ አገር ምስክር ነው" አሉ።

"እንግዲያው ልጄ ተደብቃ ጠጥታለች" አለ አባት። "ነይ፣ ውጪ። ፈረሱ ተጭኗል።"

ወርቅአየሁ ጓዟን አነሳች። አልተከራከረችም። ወደ ደብሪቱ ቀና ብላ ብቻ አየቻት። ደብሪቱ ያን አስተያየት እስክትሞት አልረሳችውም። ያን ያህል ዘመን ሰውን ከመርዝ አድናለሁ ስትል የኖረችበት ቅምሻ፣ አሁን ዞሮ ልጅቱን የሚያሳስር ገመድ ሆኖ አየችው። ልቧ ተቃጠለ።

"ቁም!" አለች። ታላቋን "አንተ" ማለቷ ራሷን አስደነገጣት። "ይቁሙ አያ ሽባባው፣ ይቅርታ። የኔ ቅምሻ ምስክር አይሆንም።"

አያ ሽባባው ዞረ።

"እኔ ስቀምስ ሰውን የማድነው ከእኔ እጅ ነው። እኔ እንዳልመርዘው ነው። እኔ ደግሞ መቼ ማንን መርዤ አውቃለሁ? ከቀመስኩ በኋላ ዳቦ አምጪ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። ዋንጫዋን ክፍቱን ትታ ስትሄድ ማን ቀመሰላት? ከጎኗ የተቀመጠው ማን ነበር፣ ማን ጠረጠረው? ማንም! እኔም አልጠረጠርኩ። እኔ ደብሪቱ ጠላትን ስጠብቅ ወዳጅን ረሳሁት።" ገብታ ዋንጫዋን ከቆጡ አወረደች፣ ክዳኑን ከፍታ አተላውን አሳየች።

አያ ሽባባው አየና ራሱን ነቀነቀ። "ደብሪቱ፣ ልጅቱን እንደምትወጃት አውቃለሁ። ትናንት የጨመርሽበት አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?"

ሐቁን ነው። ደብሪቱም ሐቁን መሆኑን አወቀች። "እንግዲያው ይኸው" አለች። ዋንጫውን በጣቷ አማሰለችው። "ንጹሕ ብርዝ ከሆነ አንድም አልሆንም፤ ልጅዎን ይውሰዱ። እንደ ልጅቱ ከሆንኩ ግን ያን ጊዜ ያምኑኛል።" በመዳፏ አልነበረም የዛሬው፤ ዋንጫውን እንዳለ ወደ አፏ አነሳችው።

"እትዬ! አይጠጡት!"

አበረ ነበር። ሰዉን ጥሶ መጥቶ ዋንጫውን በእጁ መታው፤ ብርዙ መሬት ላይ ተደፋ። ልጁ እዚያው ጉልበቱ ላይ ወደቀ። እንደ ቀልዱ ጊዜ አልነበረም የወደቀው። "የአስተናግር ፍሬ አለበት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። እርስዎ አርጅተዋል፣ ይገድልዎታል!" አለ።

ነገሩ ወጣ። አበረ ወርቅአየሁን ይወዳታል። አንድ ዓመት ሙሉ ይወዳታል፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ገበያ ላይ አንዱ ወሬኛ አስተናግር የጠጣ ሰው የልቡን ሁሉ ሳይደብቅ ያወራል ብሎት፣ "ትወደኝ እንደሆነ ትናገራለች" ብሎ ነው የጨመረው። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከየት ይመጣል? ፈተናውን ግን ኋላ አልፏል፤ ለዚያ እንኳ አእምሮ አላነሰውም።

ሙደሲር ሳቁን ዋጥ አድርጎ "ታዲያ ምን አለችህ?" ብሎ ጠየቀው።

"ስለ ፍየሏ ብቻ ነው ያወራችው" አለ አበረ።

አባ ገብረ ማርያም ሳይወዱ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አያ ሽባባው ግን አለንጋውን ይዞ ተነሳ፤ ይዘው አስቀመጡት። ልጁ ልትሞትበት ትችል የነበረ አባት ነው፤ ማን ይፈርድበታል? በመጨረሻ ወርቅአየሁ ጓዟን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ አበረም ተጠጋች።

"በአፍህ ብትጠይቀኝ በአፌ እነግርህ ነበር" አለችው። "እምቢ እልህ ነበር። አሁንም እምቢ ነው። ስሜን ግን አጥሩ ላይ ላየኝ ሰው ሁሉ ዞረህ ትነግርልኛለህ።"

አበረም ዞረ። ገበያ ለገበያ እየዞረ "አልሰከረችም፣ እኔ ነኝ የመረዝኳት" ሲል ከረመ፤ የከሰል ነጋዴውን ፍለጋ አዲስ ቅዳም ድረስ በእግሩ ሄዷል። አያ ሽባባውም ልጁን ለደብሪቱ ትቶ ብቻውን በፈረሱ ተመለሰ። የደሴ ልጅ ሌላ አገባ፤ ደስተኛ ነው ይባላል።

ከዚያ በኋላ የደብሪቱ ግቢ ወግ ተቀየረ። ቅምሻው አልቀረም፤ እሱማ ከሞት በኋላም አይቀርም። ነገር ግን ለየጣሳው ከስንደዶ የተሰፋ ክዳን መጣለት፣ ወርቅአየሁ ናት የሰፋችው። ጣሳውን ትቶ የወጣ ተማሪ ሲመለስ ባዶውን ያገኘዋል፤ ደብሪቱ ለመሬት አጠጥታዋለች። "በእትዬ ደብሪቱ ግቢ ከተማሪው ይልቅ መሬቱ ይሰክራል" እያሉ ያሙዋት ነበር። "ይስከር፣ መሬት አባት የለውም" ትላለች። አንዱ ፊቱ ከቀላ ወይም ከተለዋወጠ ደግሞ "ሰክሮ ነው" ብሎ መሳቅ ክልክል ነው፤ አብሮት የመጣው አብሮት ያድራል። ክዳኖቹን የሚጠብቀው ማን ነበር ትሉ እንደሆነ፣ አበረ ነዋ! ያን ክረምት ሙሉ ከዋንዛው ሥር ቁጭ ብሎ የሰው ጣሳ ሲጠብቅ ከረመ፤ ለራሱ ጠላ አልተቀዳለትም።

ዓመታት አለፉ። ወርቅአየሁ አስተማሪ ሆነች። አበረም ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ አስተማሪ ሆነ፣ የልቡንም በአፉ ጠይቆ አንዲት ጨዋ ልጅ አገባ። ሠርጉ ላይ ወርቅአየሁንም ደብሪቱንም ጠራ። ደብሪቱ አርጅታለች፤ ዋንጫዋ ግን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነው።

በድግሱ መካከል ወርቅአየሁ ሰው ጠርቷት ብርዟን ትታ ከዳሱ ወጣች። አበረ ይህን አየ። ሙሽራ መሆኑን ረስቶ ከመደቡ ወርዶ መጣና ብርጭቆዋን አንስቶ የብርጭቆውን አፍ በመዳፉ ከድኖ ቆመ። ሚዜው ቢጠራው አልሰማም። ስትመለስ በሰው ሁሉ ፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና በሁለት እጁ አቀረበላት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ወርቅአየሁ ብርጭቆውን ተቀበለች። አየችው፣ ፈገግ አለች። "አበረ፣ ይቅር ካልኩህ ስንት ዘመኔ" አለችና ብርዙን ቀስ አድርጋ ጉዝጓዙ ላይ አፈሰሰችው። "ይቅርታ ሌላ፣ ብርዝ ሌላ። በል አዲስ አስቀዳልኝ።"

አበረ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ዳሱ አብሮት ሳቀ። ደብሪቱ ጥጓ ላይ ሆና ይህን አይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያም የዋንጫዋን ክዳን ከፈተችና አሳላፊውን ጠርታ "ና እስቲ፣ ቅመስ" አለችው።